የወለደች ውሻና ቡችሎቿን ማን ይቀበላቸው? ከሰሜን ሸዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን ውስጥ የወለዱ ውሾችን ከነቡችሎቻቸው በየግቢያችን የምናቆይ ጥቂት ጎረቤታሞች ነን። የሚደውሉልን ሰዎች ከሸዋ ሮቢትም ይሁኑ ከመሐል ሜዳ፣ ከዓለም ከተማም ይሁኑ ከዚሁ ከጠባሴ፣ ጥያቄያቸው ይመሳሰላል። ስልክ ላይ በጥድፊያ ከምንመልስ ተረጋግተን እንጻፈው ብለን ነው።

አንድ ነገር ግን እናስቀድም። የሰው ሁሉ ዓይን የሚያርፈው ቡችሎቹ ላይ ነው። ድንቡሽቡሽ ያለው ወንድ ቡችላ ገና ዓይኑን ሳይገልጥ ፈላጊው ብዙ ነው። ሴቶቹ ይሰነብታሉ። እናቲቱን ግን የሚጠይቅ የለም። ቡችሎቹ ተከፋፍለው ሲያልቁ እሷ ወደነበረችበት ጎዳና ትመለሳለች፤ ከወራት በኋላም እንደገና አርግዛ እዚያው ቱቦ ሥር ትገኛለች። ስለዚህ ልመናችን፣ ቦታ ስትፈልጉ ከእናቲቱ ጀምሩ ነው።

መንገድ ዳር የወለደች ውሻ አገኘሁ። ወዲያው ላንሣቸው?

አትቸኩሉ። ቡችሎቹን ብቻቸውን ስላገኛችኋቸው እናታቸው ጥላቸው ሄዳለች ማለት አይደለም። የምታጠባ ውሻ በቀን ደጋግማ ምግብ ፍለጋ ትወጣለች፤ ልኳንዳ ቤት ደጃፍ ወይም ወፍጮ ቤት አካባቢ ቆይታ ትመለሳለች። ራቅ ብላችሁ አንድ ሁለት ሰዓት ጠብቁ። ሆዳቸው ሞላ ብሎ ተደራርበው ጸጥ ብለው ከተኙ እናት አለቻቸው። ያለማቋረጥ የሚያላዝኑ፣ ሲዳሰሱ የሚቀዘቅዙ ከሆነ ግን ጊዜ የለም።

ጎርፍ የሚገባበት ቱቦ፣ መኪና የሚታጠፍበት ጥግ ወይም ሌሊት ጅብ የሚያልፍበት ቦታ ከሆነም መጠበቅ አያስፈልግም። ያኔ መጀመሪያ እናቲቱን በምግብ አለማምዷት። ከዚያ ቡችሎቹን አፉ ክፍት የሆነ ካርቶን ውስጥ አድርጋችሁ፣ ካርቶኑን ዝቅ አድርጋችሁ ይዛችሁ፣ እያየቻችሁ በዝግታ ሂዱ። በየጥቂት እርምጃው ቆም እያላችሁ አስሸቷት። አፍንጫዋን ካርቶኑ ውስጥ ነክራ አንድ በአንድ ታሸትታቸዋለች፤ ሁሉም እንዳሉ ስታረጋግጥ ጅራቷን ዝቅ አድርጋ ትከተላለች። አንገቷን በገመድ ጎትቶ ለመውሰድ የሚሞክር ሰው ብዙ ጊዜ ይነከሳል፤ ቡችሎቹን ይዞ በዝግታ የሚሄድን ግን ትከተላለች።

ቡችሎቹን ብቻ ወስጄ እናቲቱን ብተዋትስ?

ቢያንስ 8 ሳምንት እስኪሞላቸው አይሆንም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከእናታቸው የሚጠቡት እንገር ከበሽታ የሚከላከላቸው እሱ ነው። ከ3ኛው ሳምንት ወዲያ ደግሞ ከእናትና ከወንድም ከእህት ጋር ሲላፉ ንክሻቸውን መመጠን ይማራሉ። በ4 ሳምንቱ ተነጥሎ የሄደ ቡችላ አድጎ የልጆችን እጅ የሚቦጫጭቅ ሲሆን ጥፋቱን በውሻው ላይ እንጭናለን፤ ምክንያቱ ግን ያለጊዜው መለየቱ ነው።

እናቲቱም ትጎዳለች። ወተት የያዘ ጡት በድንገት የሚጠባው ሲያጣ ያብጣል፣ ይግላል፣ ይመግላል። ትኩሳት ይዟት በየአጥሩ እያላዘነች ልጆቿን ስትፈልግ የሰማ ሰው ይህን ጥያቄ ዳግመኛ አይጠይቅም።

ዕድሜያቸውን በምን አውቃለሁ?

ዓይናቸው የሚገለጠው ከ10 እስከ 14 ባለው ቀን ነው። የጆሮ ቀዳዳቸው ከዚያ ትንሽ ዘግይቶ ይከፈታል። እየተንገዳገዱ መራመድ ከጀመሩ ሁለት ሳምንት አልፏቸዋል፤ መርፌ የመሰሉ ጥርሶች ድዳቸውን ወጋ ሲያደርጉ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይሆናቸዋል። ይህን ቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት አድርጉበት፤ የወስፋት መድኃኒቱም ክትባቱም የሚሰላው ከዚህ ተነሥቶ ነው።

የሚያድሩበት ቦታ ምን ዓይነት ይሁን?

እንደ አገሩ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። አዲስ የተወለደ ቡችላ ደግሞ የራሱን ሙቀት መጠበቅ አይችልም። በመጀመሪያው ሳምንት የሚተኛበት ቦታ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ቢሆን ይመረጣል። ብርድ ቡችላን ከረሃብ ፈጥኖ ይገድላል።

ሲሚንቶ ወለል ላይ በቀጥታ አታስተኟቸው። ከታች ጣውላ ወይም ወፍራም ካርቶን፣ በላዩ ደረቅ የገብስ ገለባ ወይም ድርቆሽ አድርጉ። ያረጀ ባና ካላችሁ ከሁሉ ይበልጣል፤ የመንዝ በግ ጠጉር ቢረጥብም ሙቀት አይለቅም። ቡችሎቹ ተጠቅልለው እንዳይታፈኑ ግን ባናውን ወጥሮ ከሥር መወተፍ ነው። ሙቅ ውሃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልላችሁ በአንድ ጥግ ብቻ አስቀምጡ፤ የሞቀው ሸሽቶ የሚሄድበት ሌላ ጥግ ያስፈልገዋል። ቆርቆሮ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ በሩ የሚዘጋና ጅብ የማይቆፍረው መሆኑን ሳታረጋግጡ አታሳድሩ።

ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ላላችሁ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። እዚያ የሚያስፈልገው ጥላ፣ የማያልቅ ውሃና የመዥገር ቁጥጥር ነው። መዥገሩን በእጅ ልቀሙ እንጂ ለከብት የሚረጨውን መድኃኒት ቡችላ ላይ አታድርጉ።

እናቲቱን ምን ላብላት?

ብዙ። የምታጠባ ውሻ ከወትሮዋ ሁለት እስከ አራት እጥፍ ትበላለች፤ በተለይ ቡችሎቹ ከ3 እስከ 5 ሳምንት ሲሆናቸው አይበቃትም። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ስጧት፣ ውሃውን ከአጠገቧ አታጥፉ። የተቀቀለ ሩዝ ወይም ቅንጬ ከተቀቀለ ሥጋ፣ ከሳንባ፣ ከእንቁላል ጋር ጥሩ ነው። ደረቅ እንጀራ በአጥንት መረቅ አርሶ መስጠትም ይቻላል። የወጥ ትራፊ ግን አይሆንም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል፣ በርበሬውም ሆዷን ያቃጥላታል።

የጾም ወራት ለጎዳና ውሾች ክፉ ጊዜ መሆኑን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ልኳንዳው ይዘጋል፣ ከቤትም የሚጣል አጥንት የለም። በዚያ ሰሞን የወለደች ውሻ አጥንቷ ወጥቶ፣ ጡቷ ደርቆ ታገኟታላችሁ። እንቁላልና የተቀቀለ ጥራጥሬ ያንን ጊዜ ያሻግራታል።

ፋሲካ ሲመጣ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። በየግቢው በግ ሲታረድ ውሃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ፣ አንዳንዴም የበጉ ጭንቅላት ከነአንጎሉ ለውሻ ይወረወራል። በዚያ ውኃ በቋጠረው ነገር ውስጥ ያለው የኮሶ ትል ዕጭ ነው። ውሻዋ ስትበላው አንጀቷ ውስጥ ትል ይሆናል፣ እንቁላሉ ከዐይነ ምድሯ ጋር ሣሩ ላይ ይወድቃል፣ በጉ ይግጠዋል። በእረኞቻችን ዘንድ አዙሪት የሚባለው፣ በጉን ባለበት የሚያሽከረክረው በሽታ የሚመጣው እንዲህ ነው። ሌላው ዓይነት ትል ደግሞ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ ይቋጥራል። እንግዲህ የበግ አገር በሆነው በመንዝና በተጉለት ለውሻ ጥሬ የሆድ ዕቃ አለመስጠት በጉንም ልጆቻችንንም መጠበቅ ነው። ወይ ቀቅሉት፣ ወይ ውሻ በማይቆፍረው ጥልቀት ቅበሩት።

አንድ የድንገተኛ ምልክት ያዙ። ከወለደች በኋላ ባሉት ሳምንታት እናቲቱ መንቀጥቀጥ፣ ማለክለክ፣ እግሯን ማገተርና መውደቅ ከጀመረች በደሟ ውስጥ ያለው ካልሲየም አልቋል። ይህ የሰዓታት ጉዳይ ነው። ቡችሎቹን ከጡቷ ለዩና ወደ እንስሳት ሐኪም ሩጡ፤ ነገ አይባልም።

እናታቸው ሞታለች። የላም ወተት ልስጣቸው?

ብቻውን አይሆንም። የውሻ ወተት ከላም ወተት ይልቅ ስብና ፕሮቲን ይበዛዋል፣ ስኳሩ ያንሳል፤ የላም ወተት ብቻውን ያስቀምጣቸዋል። ለቡችላ የተዘጋጀ የዱቄት ወተት እስኪገኝ ድረስ ለአንድ ሁለት ቀን ማሻገሪያ፣ በአንድ ብርጭቆ የተፈላና ለብ ያለ ወተት ሁለት የእንቁላል አስኳልና አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት አዋሕዱ። የፍየል ወተት ካገኛችሁ የተሻለ ነው።

የቀዘቀዘ ቡችላ መጀመሪያ ይሙቅ፣ ከዚያ ይጠጣ፤ ሳይሞቅ የተጋተ ወተት ሆዱ ውስጥ ይበላሻል። እንደ ሕፃን በጀርባው አታስተኙት። በሆዱ ተኝቶ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ይጥባ፤ አለዚያ ወደ ሳንባው ይገባል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በየሁለት ሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር ነው። ከጠባ በኋላ እናቱ በምላሷ የምታደርገውን እናንተ ለብ ባለ እርጥብ ጨርቅ አድርጉ፦ ከሆዱ በታች ቀስ ብላችሁ ጥረጉት፤ እስከ 3 ሳምንት ድረስ ሳይነካኩት ሽንቱም ሰገራውም አይወጣም። በየቀኑ በኩሽና ሚዛን መዝኑት። ጤነኛ ቡችላ በአንድ ሳምንት ተኩል ውስጥ የተወለደበትን ክብደት እጥፍ ያደርሳል፤ ኪሎው ቆሞ ከቀረ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

በአካባቢው ሌላ የምታጠባ ውሻ ካለች ጠይቁ። ብዙዎቹ የሌላውን ልጅ ይቀበላሉ።

ነከሰችኝ። ምን ላድርግ?

ሌላውን ሁሉ ተዉትና ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱና የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ጠይቁ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ምልክቱ ሳይታይ በጊዜው የተከተበ ግን ይተርፋል። ጠበል መሄድ የምትፈልጉ ክትባቱን ጀምራችሁ ሂዱ። የባህል መድኃኒት ቁስሉ ላይ አድርጋችሁ ቀን አታሳልፉ።

የምታጠባ ውሻ ልጆቿን ስትከላከል መንከሷ የተፈጥሮ ነው፤ ነክሳለችና አብዳለች አይባልም። ውሻዋን አትግደሏት፣ ዘግታችሁ 10 ቀን ተከታተሏት። በነዚያ ቀናት ጤነኛ ሆና ከቆየች በነከሰችበት ዕለት በሽታውን አላስተላለፈችም፤ ሐኪሙም ይህን ሰምቶ የቀረውን ክትባት ይወስናል። ባህሪዋ ከተለወጠ፣ ለሃጭ ካዝረከረከች፣ ድምፅዋ ከጎረነነ፣ መንጋጋዋ ከወደቀ አትጠጓት፤ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ አሳውቁ።

የት ነው የምናሳክማቸው? ክትባቱስ መቼ ነው?

በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሥር የእንስሳት ጤና ክሊኒክ አለ። አብዛኛው ሥራቸው ከብትና በግ ስለሆነ ለውሻ የሚሆን ክትባት በዕለቱ ላይኖር ይችላል፤ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ጎረቤት አስተባብራችሁ ብዙ ውሻ በአንድ ቀን አስከትቡ። እንዲህ ሲሆን ባለሙያውም ክትባቱን ለማስመጣት ይበረታል።

የወስፋት መድኃኒት ከ2 ሳምንት ዕድሜ ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ እስከ 8ኛው ሳምንት ይሰጣል፤ እናቲቱም አብራ ትወስዳለች። ቡችሎችን ለሚገድሉት ሁለት ተላላፊ በሽታዎች፣ ለዲስቴምፐርና ለፓርቮ፣ የመጀመሪያው ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ነው፤ 16 ሳምንት እስኪሞላቸው በየሦስት አራት ሳምንቱ ይደገማል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በ3 ወር ነው፣ ከዚያ ሐኪሙ በሚነግራችሁ ጊዜ ይደገማል። ለበግ የገዛችሁትን አይቨርሜክቲን የሚባል የትል መድኃኒት በግምት ለቡችላ አትስጡ፤ ይገድላል። ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌንም ለውሻ መርዝ ናቸው።

መጠለያ ይሻላል ወይስ ሰው ቤት?

ለወለደች ውሻ፣ ሰው ቤት። ምንም ጥያቄ የለውም። ብዙ ውሻ የሚገባበት የሚወጣበት መጠለያ የቱንም ያህል ቢጸዳ ክትባት ላልጀመረ ቡችላ አደገኛ ነው። የፓርቮ ተዋሲ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል፤ አንዱን ከያዘ ሁሉንም ደም እያስቀመጠ ሊጨርስ ይችላል። እናቲቱም ጩኸት በበዛበት ቦታ ትጨነቃለች፣ ወተቷ ይቀንሳል፣ አንዳንዴ ልጆቿን እስከ መጣል ትደርሳለች።

ስለዚህ መጠለያ ውስጥ ያለች እናት ስታገኙ የምትፈልጉላት መጀመሪያ ቋሚ ባለቤት ሳይሆን ለሁለት ወር ጓዳ ወይም ጋራዥ የሚያውስ ሰው ነው። ለሁለት ወር ብቻ ሲባል እሺ የሚል ብዙ አለ። ለዘለዓለም ሲባል ግን ሰው ይሸሻል። መጠለያ ውስጥ መቆየት ግድ ከሆነባት ለብቻዋ ክፍል ይሰጣት፣ የሚመግባት ሰው ሌሎቹን ከመንካቱ በፊት ከእሷ ይጀምር፤ ዕቃና ወለሉ ዐይነ ምድሩ ከተጠረገ በኋላ አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ ይታጠብ።

ማንን ልጠይቅ? ማስታወቂያውን እንዴት ልጻፍ?

ከቅርብ ጀምሩ። የእንስሳት ሐኪሙ ውሻ የሞተበትን ሰው ያውቃል። የፋብሪካና የመጋዘን ዘበኞች፣ የዶሮ እርባታ ያላቸው፣ አዲስ ግቢ ያጠሩ ሰዎች ውሻ ይፈልጋሉ። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ፎቶ በማንሣትና በማሰራጨት ያግዛሉ፤ ራሳቸው ግን ተመርቀው ሂያጅ ናቸውና ለውሰጃ አታግባቧቸው። ዕድር ላይ አንድ ቃል ማስነገርም ከመቶ የፌስቡክ ላይክ ይበልጣል፤ እዚያ የሚሰማችሁ ሰው ቤቱን ታውቁታላችሁ።

አዲስ አበባና ዙሪያዋ በበጎ ፈቃድ የሚንቀሳቀሱ የውሻ መጠለያዎች አሉ፤ ብዙውን ጊዜ ሞልተዋል። «ነገ ካልወሰዳችኋቸው ይሞታሉ» ብላችሁ ከምትጽፉላቸው፣ «እስከዚህ ቀን እኔ አቆያቸዋለሁ፣ መኖውን እችላለሁ፣ እናቲቱን ለማምከን እርዱኝ» ብትሉ በር ይከፈትላችኋል። ምን እንደምትሠሩ የሚያውቅ ሰው መሆናችሁን ስለሚያዩ ነው።

ጽሑፉ ውስጥ እነዚህ አይቅሩ፦ ያሉበት ከተማ፣ የእናቲቱ ግምታዊ ዕድሜና ጠባይ፣ ስንት ወንድ ስንት ሴት፣ የተወለዱበት ሳምንት፣ የወሰዱት መድኃኒት፣ ለመሄድ የሚደርሱበት ቀን። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነውና እያንዳንዱን ለየብቻው ፎቶ አንሡት፤ ቡራቡሬው፣ ጥቁሩ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት እያላችሁ በስም ጥሩት። የመጀመሪያው ፎቶ ግን የእናቲቱ ይሁን። በብርሃን፣ ተቀምጣ፣ ዓይኗ እየታየ፣ ሰው አጠገቧ ሆኖ እጁን ጀርባዋ ላይ አሳርፎ። ሰንሰለት ላይ ሆና በጨለማ ስትጮህ የተነሣች ውሻ ማንም አይወስዳትም። ልጅ ጠባቂ፣ ዶሮ የማትነካ፣ እንግዳ ሲመጣ የምታሳውቅ ከሆነች ይህንኑ ጻፉ፤ ያደገ ውሻ ጠባዩ የታወቀ መሆኑ ትልቅ ጥቅሙ ነው። ቡችላ የሚወስድ ሰው ሲያድግ ምን እንደሚሆን አያውቅም፣ እሷን የሚወስድ ያውቃል።

የምትኖሩበትን ቤት አድራሻ በይፋ አታስቀምጡ። ሌሊት አጥር ዘሎ ወንዶቹን ይዞ የሚሄድ አይጠፋም።

ሴት ቡችላ የሚወስድ አጣሁ።

ሰው ሴት ውሻ አልፈልግም የሚለው ጠልቷት አይደለም። ስትወልድ ምን አደርጋለሁ ብሎ፣ የሰፈር ወንድ ውሻ አጥሬን ይከበኛል ብሎ ነው። መልሱ ማምከን ነው። ሴት ውሻ ከ6 ወር ዕድሜ ገደማ ጀምሮ ልታረግዝ ትችላለች፤ እርግዝናው 63 ቀን ያህል ነው፣ ብዙዎቹም በዓመት ሁለት ጊዜ ወንድ ይፈልጋሉ። በቀዶ ሕክምና ከመከነች ይህ ሁሉ ይቀራል፤ ጥበቃዋ ግን አይቀንስም። ሴት ውሻ ሰነፍ ጠባቂ ናት የሚለውም እውነት አይደለም።

ለወሳጁ «ጊዜዋ ሲደርስ የማምከኛውን ወጪ እንካፈላለን» በሉት፣ ቃላችሁንም ጠብቁ። የሰው የወሊድ መከላከያ መርፌ ማስወጋትን ከአንዳንድ ሰው ትሰማላችሁ፤ አታድርጉት፣ ማህፀኗ መግል እንዲቋጥርና ጡቷ ላይ ዕጢ እንዲበቅል ያጋልጣታል።

ሊወስድ የመጣውን ሰው ምን ልጠይቀው?

ግቢው ታጥሯል? ቀን ታስሮ ነው የሚውለው? ታስሮ ከሆነ ሰንሰለቱ ምን ያህል ነው፣ ማታስ ይፈታል? ከዚህ በፊት የነበረው ውሻ ምን ሆነ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። «መኪና ገጨው፣ ከዚያ በፊት የነበረው ጠፋ፣ ሌላው መርዝ በላ» የሚል ሰው ግቢውን እስኪያስተካክል ይጠብቅ።

ከመስጠታችሁ በፊት ቤቱን እዩት። ቡና ጠጡና አካባቢውን ቃኙ፤ በሰሜን ሸዋ እንግዳ መመለስ ነውር ስለሆነ ለመግባት አያስቸግራችሁም። ስልኩንና «ካልተመቸኝ ለእናንተ እመልሳለሁ እንጂ አልጥልም» የሚል አጭር የጽሑፍ ስምምነት ያዙ። ገንዘብ አትቀበሉ፤ መሸጥ ሲጀመር ለገንዘብ ብሎ ውሻ የሚያስወልድ ሰው ይበዛል። ለሕፃናት ስጦታ፣ ለልደት ድንገተኛ ደስታ ተብሎ የሚጠየቅ ቡችላ አይሰጥም።

መሐል ሜዳ ነው የምኖረው። ጓሳ አካባቢ ውሻ መስጠት ችግር አለው?

ጥንቃቄ አለው፤ በደንብ እናስረዳ። የጓሳ መንዝ የኅብረተሰብ ጥበቃ አካባቢ የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ነው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ በአገሪቱ ሁሉ ተቆጥረው ያደጉት ከ500 ያነሱ ናቸው። የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር ከቤት ውሾች ይተላለፉባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ተራሮች የዌብ ሸለቆ የገባው የእብድ ውሻ በሽታ በዚያ የነበሩትን አብዛኞቹን ቀበሮዎች ጨርሷል። የመንዝ አባቶች የጓሳውን ሣር ቄሮ በሚባለው የጋራ መሬት ጥበቃ ሥርዓት ጠብቀው ለዘመናት ያቆዩት ቦታ ባልተከተበ ቡችላ ምክንያት እንዲህ ያለ ነገር ሊደርስበት አይገባም።

ስለዚህ ከጓሳው አጠገብ ላሉ መንደሮች ውሻ የምንሰጠው ክትባቱን ከጨረሰ፣ ከመከነ፣ ባለቤቱም ማታ ግቢ ውስጥ ለማሳደር ከተስማማ ብቻ ነው። እረኛ ተከትሎ ጓሳ የሚውል ውሻ አንሰጥም። ከዚያ አካባቢ ያገኛችሁትን እናት ከነቡችሎቿ ወደ ከተማ ብታወርዷት ለእሷም ለቀበሮውም ይበጃል።

ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ሸዋ ሮቢት እንዴት ልውሰዳቸው?

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ አስፋልት ነው፤ አባዱላ ተሳፋሪ ካልሞላ ከሾፌሩ ጋር ተነጋግሮ የኋላ ወንበር መያዝ ይቻላል። መናኸሪያ ገብታችሁ ከመጨቃጨቅ ቀድማችሁ ደውሉ። ከመነሣት በፊት ጥቂት ሰዓት አታብሏቸው፣ ያስመልሳቸዋል። የጎን ቀዳዳ ያለው የሙዝ ካርቶን ለቡችሎች ይሆናል፤ በማዳበሪያ ከረጢት አስሮ መጫን፣ ፖርቶ መጋላ ላይ ማውጣት ወይም ዕቃ መጫኛ ውስጥ መዝጋት ግን መግደል ነው። ጣርማ በርን አልፋችሁ ወደ ደብረ ሲናና ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ አየሩ ቶሎ ይለወጣል፤ ባናውን ከላያቸው አንሡ፣ ውሃ ስጧቸው። እናቲቱና ቡችሎቹ በአንድ መኪና ይሂዱ።

ሃይማኖቴ ውሻ ማቅረብ አይፈቅድልኝም።

ውሻ ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር አይገባም፤ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ለሶላት ንጽሕናቸውን ይጠብቃሉ። ይህን እናከብራለን። ደጅ ላይ ማደሪያ መሥራትና ምግብ ማስቀመጥ ግን ይህን አይነካም። በእስልምና ለጥበቃና ለእረኝነት ውሻ መያዝ የተፈቀደ ነው፤ በጫማው ቀድቶ የተጠማ ውሻ ያጠጣው ሰው ምሕረት ማግኘቱንም የሚያስተምሩ አባቶች በይፋት ብዙ ናቸው። የማይነካ ሰው መኖ ይግዛ፣ መኪና ያውስ።

በሰፈራችን ውሾችን በመርዝ ሊያስወግዱ ነው ተብሏል።

በከተሞቻችን ባለቤት የሌላቸውን ውሾች በስትሪክኒን መግደል የቆየ አሠራር ነው። እናቲቱን ቶሎ ግቢ አስገቧት፣ ዘመቻው እስኪያልፍ አትልቀቋት፤ አንገቷ ላይ ደማቅ ማሰሪያና የክትባት ምልክት አድርጉላት፤ ለቀበሌው ባለቤት እንዳላት አሳውቁ። ቀኑን ቀድማችሁ ጠይቁ። መርዙ የገደለውን ውሻ የበላ አሞራም ይሞታል፤ ሬሳ ካያችሁ ሜዳ ላይ እንዳይቀር በጓንት አንሥታችሁ ቅበሩ። ከመርዝ ይልቅ ከሰፈሩ ውሾች 70 በመቶውን መከተብ የእብድ ውሻ በሽታን እንደሚገታ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል፤ ይህን ለቀበሌው ሰብሰብ ብላችሁ ንገሩት።

ቡችሎቹ ሁሉ ሄዱ። እናቲቱን የሚወስድ ግን የለም።

መጀመሪያ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቡችሎች በአንድ ቀን አትውሰዱባት፤ በየጥቂት ቀኑ አንድ አንድ ሲሄዱ ወተቷም ቀስ እያለ ይደርቃል፣ እሷም አትደነግጥም። ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይታ ጡቷ ሲሰበሰብ ትመከን፤ የእብድ ውሻ ክትባቷን ታግኝ።

አንድ ቡችላ ለመውሰድ የመጣን ሰው ሁልጊዜ «እናቲቱንስ አብረው ቢወስዷት?» ብላችሁ ጠይቁ። ሰፊ ግቢ ያለው፣ እርሻ ያለው፣ ሁለት ውሻ የሚፈልግ ሰው አለ፤ የምታስተምርለት አሮጌ ውሻ ስትኖር ቡችላውም ቶሎ ይቀናል። ሳይጠየቅ ግን በራሱ አያስበውም።

ይህም ካልሆነ የሰፈር ውሻ ትሁን። መጣል አይደለም ይህ። ቀድሞ በምታውቀው ሰፈር፣ መክና፣ ተከትባ፣ ማሰሪያ አጥልቃ፣ የሚመግቧት ሦስት አራት ቤቶች በስም ታውቀው፣ አንዱ ጋ የምታድርበት ጥግ ተሠርቶላት ትመለሳለች። ከሚመግቧት አንዱ ስልካችሁን ይያዝ፤ የሚቀጥለውን ክትባት ቀን በእሱ ቤት ግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ላይ ጻፉት። ፎቶዋንም ከማስታወቂያው አታውርዱት፤ ያደጉ ውሾች ባለቤት የሚያገኙት ከወራት በኋላ ነው፣ ያገኛሉም።